ፎርሙ ላይ «ፓርቲ» የሚለውን ሳጥን ምን ብላችሁ ሞላችሁት?

#1 አዲስ ዜጋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ወገኖች። ባለፈው ወር ባልቲሞር ሄጄ ቃለ መሐላ ፈጸምኩ። ትንሿን ባንዲራ ተቀበልኩ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ ባለቤቴ እልል አለች። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየን። ስንወጣ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው የተቀመጡ ሴትዮ የመራጭነት መመዝገቢያ ፎርም ሰጡኝ። ቤት ወስጄ ልሞላው ተቀመጥኩ።

ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን። እስከዚህ ቀላል ነው። ከዛ «ፓርቲ» የሚል መጣ። ዲሞክራት፣ ሪፐብሊካን፣ ሌላ፣ ከየትኛውም ያልሆነ። እስክሪብቶዬ እዛ ላይ ቆመ።

አባቴ አብሮኝ ነው የሚኖረው፤ ገና ግሪን ካርድ ነው። የቡና ሲኒውን ይዞ መጣና በትከሻዬ በኩል አየ። እንግሊዝኛው ብዙም አይደለም፤ «ፓርቲ» የምትለዋን ግን አነበባት። «እሱን ባዶ ተወው» አለኝ። ለምን ስለው ሳይመልስልኝ ወደ ክፍሉ ገባ። ባለቤቴ ከኩሽና ሆና «ዲሞክራት በል እንጂ፣ እዚህ ሰፈር ሌላ ምን አለ?» ትላለች። ዳላስ ላለው ወንድሜ ስደውል ደግሞ «ዲሞክራት ብለህ ከሞላህ ለገና እንዳትመጣብኝ» አለ። እየቀለደ ነው። ይመስለኛል።

ፎርሙ ፍሪጅ ላይ ከተለጠፈ ይኸው ሁለት ሳምንቱ። እናንተ የቱን መረጣችሁ? ከሁሉ በላይ ደግሞ እንዴት እዛ ደረሳችሁ? ስድብ አልፈልግም፤ ስድቡን ፌስቡክ ላይ በነፃ አገኘዋለሁ።

#2 የአሌክሳንድሪያው (ቨርጂኒያ)

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ወንዙን ተሻግረህ እኛ ጋ ብትኖር ኖሮ ይሄ ጭንቀት አይመጣብህም ነበር። ቨርጂኒያ ስትመዘገብ ፓርቲ አይጠይቁህም። ፕራይመሪ (ፓርቲዎቹ እጩአቸውን የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ) ሲደርስ ከሁለቱ የአንዱን ወረቀት ትጠይቃለህ፣ በቃ።

የእኔን ልንገርህ። በ2008 ለኦባማ በር ያንኳኳሁ ሰው ነኝ። ቨርጂኒያ ከ1964 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዲሞክራት ስትመርጥ አለቀስኩ። እስከ ዕለተ ሞቴ ዲሞክራት ነኝ ብዬ ነበር።

ከዛ 2021 መጣ። አገር ቤት ጦርነት ነው። መስከረም ላይ ባይደን የማዕቀብ ትእዛዝ ፈረመ። ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ ንግዱ፣ እንደሚያስወጣ ለኮንግረስ ያስታወቀው ደግሞ መቼ መሰላችሁ? ኖቬምበር 2። የቨርጂኒያ አገረ ገዢ የሚመረጥበት ቀን! አውቆ ያደረገው አይመስለኝም፤ ግን ከዛ የባሰ ቀን ቢፈልግም አያገኝ። ያን ሰሞን ታክሲ መቆሚያው፣ ቡና ቤቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወሬው አንድ ነበር፦ ያንግኪንን ምረጡ። እኔም መረጥኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዋ የሪፐብሊካን ድምፄ ናት።

ያንግኪን በ63 ሺህ ድምፅ ገደማ አሸነፈ። ከአንድ ዓመት በፊት ባይደን እዚሁ በ10 ነጥብ ነበር ያሸነፈው። «እኛ ነን ያዞርነው» የሚሉ አሉ። እኔ እንደዛ አልልም፤ የትምህርት ቤቱ ጉዳይ፣ የኮቪዱ ምሬት፣ ብዙ ነገር ነበረበት። ግን እኛም ከቁጥሩ ውስጥ አለን።

አሁን ሳስበው አገረ ገዢ ስለ አጎዋ ምን ያገባዋል? ምንም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ያደረግነው። (የዲሞክራቶች ምልክት አህያ መሆኗ ትዝ ያለኝ ይሄን ስጽፍ ነው።) በ2020 ደግሞ ግብፆች ግድቡን ያፈነዱታል ብሎ የተናገረው ትራምፕ ነበር፤ ሪፐብሊካኑ። እንግዲህ በአገር ቤት ሚዛን ብትመዝናቸው አንዱ ግድቡን፣ አንዱ ንግዱን ነው የነካብህ። ያንን ሚዛን ጥዬዋለሁ። ዛሬ ሰውየውን አይቼ ነው የምመርጠው፤ ቨርጂኒያም ትፈቅድልኛለች።

#3 የሰሜን ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ያን ቀን እኔም ቨርጂኒያ ነበርኩ፤ ወደ ሜሪላንድ የገባሁት በኋላ ነው። እኔ ለዲሞክራቱ እጩ ለማኮሊፍ ሰጠሁ። ምክንያቴ ያንተው ነው፤ ተገልብጦ።

እናቴ መቀሌ ነበረች። ስልክ ዝግ፣ ባንክ ዝግ። ድምጿን ከሰማሁ ወራት አልፈው ነበር። ስለዚያ ነገር ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ማንም ይሁን ማን ከእሱ ጋር ነኝ አልኩ። የአሌክሳንድሪያው፣ ልወቅስህ አይደለም። ምናልባት አንድ ሰልፍ ላይ ተከታትለን ቆመን ይሆናል። እኔም ብሆን የመረጥኩት አገረ ገዢ ነው፤ ቢያሸንፍ የመቀሌን ስልክ አይከፍትልኝም ነበር።

#4 የአሌክሳንድሪያው

እናትህ አሁን እንዴት ናቸው?

#5 የሰሜን ልጅ

ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በየቀኑ ትደውላለች። አሁን እንዲያውም ሰዓቱን አልለይ ብላ ሌሊት ነው የምትቀሰቅሰኝ።

#6 አወያይ

ሁለታችሁም በጨዋ ደንብ ስለጻፋችሁ ምንም አልቆርጥም። ከዚህ ወዲያ ግን ጦርነቱን እዚህ አንዋጋው። ጥያቄው ስለ ሳጥኑ ነው።

#7 የቬጋሱ ሹፌር (ላስ ቬጋስ)

እኔ በግልጽ ልናገር። ሪፐብሊካን ነኝ። ከ2024 ጀምሮ።

ከዛ በፊት ኦባማን ሁለቴ፣ ሂላሪን አንዴ፣ ባይደንን አንዴ መርጫለሁ። አራት ጊዜ! ምን አገኘሁ? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አለ የአገሬ ሰው። በኮቪድ ጊዜ ስትሪፑ፣ የካዚኖዎቹ ጎዳና፣ ጨለመ፤ መኪናዬን አቁሜ ወራት ተቀመጥኩ። ተከፈተ ስንል ደግሞ የቤት ኪራይ፣ ቤንዚን፣ እንቁላል ሁሉም ሰማይ ወጣ።

ሰኔ 2024 ላይ ትራምፕ እዚሁ ቬጋስ መጥቶ ቲፕ ላይ ታክስ አይኖርም አለ። ኦገስት ላይ ካማላም እዚሁ መጥታ ያንኑ አለች። ካዚኖ የሚሠራው፣ ታክሲ የሚነዳው ሁሉ ተሳሳቀ። ሁለት ፓርቲ አንድ ሐሳብ! እኔ ቀድሞ የተናገረውን መረጥኩ። ኔቫዳም ከ2004 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሪፐብሊካን መረጠች። በ2025 ሕጉ ወጣ። ቃሉን ጠበቀ፤ እኔ የማውቀው ይሄን ነው።

አዲስ ዜጋ፣ ሁለቱም ካስጠሉህ ወደ ኔቫዳ ና። እዚህ ድምፅ መስጫው ላይ «ከእነዚህ እጩዎች አንዳቸውም» የሚል መስመር አለ። በ2014 የዲሞክራቶች የአገረ ገዢ ፕራይመሪ ላይ ይሄ «አንዳቸውም» አንደኛ ወጣ! እውነቴን ነው። ሕጉ ግን «አንዳቸውም» ወንበር ላይ አይቀመጥም ስለሚል ሁለተኛ የወጣው ሰውዬ እጩ ሆነ። ምስኪን፣ በባዶ ተሸንፎ አለፈ።

#8 ታክስ ሠሪዋ (አትላንታ)

የቬጋሱ ወንድሜ፣ ደንበኞቼም እንዳንተ ነው የሚያወሩት፤ በኋላ ቢሮዬ ሲመጡ ይኮርፋሉ። ትንሽ ላስተካክል። ቲፕ ላይ ታክስ የለም ማለት አይደለም። ከ2025 እስከ 2028 በዓመት እስከ 25,000 ዶላር ቲፕ የፌዴራል ታክስ ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ይቀነሳል። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር እንዳሉ ናቸው። ቲፑንም በትክክል ሪፖርት ያደረገ ነው የሚጠቀመው። (ሪፖርት የማታደርጉ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።)

ሌላ ደግሞ እባካችሁ፦ ግሪን ካርድ ያላችሁ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ «መመዝገብ ትፈልጋለህ?» ቢሏችሁ አዎ እንዳትሉ። ዜጋ ሳይሆኑ ለፌዴራል ምርጫ መመዝገብ አገር ሊያስለቅቅ የሚችል ጣጣ ነው። ታኮማ ፓርክ ያላችሁ ለከተማው ምርጫ ብቻ ትችላላችሁ፤ ያ ሌላ ነው።

#9 ነርሷ (ሂውስተን)

የቬጋሱ ወንድሜ፣ አልጣላህም፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር።

እናቴን በ2023 በግሪን ካርድ አመጣኋት። ስኳር አለባት። ሜዲኬይድ፣ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን፣ ለአዲስ ግሪን ካርድ ባብዛኛው አምስት ዓመት አይፈቀድም። ይሄን የአምስት ዓመት እገዳ ያመጣውን የ1996 ሕግ የፈረመው ማን ይመስላችኋል? ክሊንተን። ዲሞክራት። እኔ ራሴ ሳውቅ ደንግጫለሁ።

ያዳናት ኦባማኬር ነው። ለታክስ ለብቻዋ ነው የምትቆጠረው፤ ሕፃናት እየጠበቀች የምታገኛት ገንዘብ ትንሽ ናት። በዚያ ገቢ ሜዲኬይድ የተከለከለ ሕጋዊ ስደተኛ በድጎማ መድን የሚገዛበት መንገድ ነበር። ለኢንሱሊኗ እንቅልፍ አላጣሁም።

ታዲያ በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ፣ ያ ያንተ የቲፕ ሕግ፣ ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ይሄን መንገድ ዘጋው። አንድ ወረቀት ነው፣ አንድ ፊርማ ነው። ላንተ በገጽ ይሄን ያህል ቲፑን ሰጠ፣ ለእናቴ በገጽ ይሄን ያህል መድኗን ወሰደ። እኔ ዲሞክራት የምመርጠው ስለምወዳቸው አይደለም። ፋርማሲ ስለምሄድ ነው።

#10 የቬጋሱ ሹፌር

እህቴ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። በድምፄ አልጸጸትም፤ ልጆቼን የማስተምረው በዛች ቲፕ ነው። ግን አላውቅም ነበር።

#11 የዳላሱ (ቴክሳስ)

አዲስ ዜጋ፣ ወንድምህ እኔ አይደለሁም፤ ለገና እኔ ጋ ና።

ሪፐብሊካን ነኝ፤ ምክንያቴ ኪስ አይደለም። እምነት ነው። ፅንስ ማስወረድ ላይ አቋም አለኝ፤ ልጆቼ ትምህርት ቤት ምን እንደሚነገራቸው ያስጨንቀኛል። አገር ቤት እያለን ይሄ ነገር የፓርቲ ጥያቄ አልነበረም፤ ቀኝ ሆነ ግራ ያው የእናቱ ልጅ ነው። እዚህ ግን ሁለት ፓርቲ አለና ሁሉም ነገር ለሁለት ተካፍሏል። አንዱን ስትመርጥ ጥቅሉን እንዳለ ነው የምትገዛው፤ ሽሮውን ፈልገህ ጎመኑንም ታዝዘሃል።

ጥቅሉ ውስጥ ያለውን ጎመን ላልደብቅ። ከምእመናኑ ጥገኝነት ጠይቆ ወረቀት የሚጠብቅ ብዙ ነው። እሁድ ጠዋት ሪፐብሊካኖች እንዲያሸንፉ የሚጸልዩ አሉ፤ ቅዳሴ ሲያልቅ እነዚያው ሰዎች ሪፐብሊካኖች ከሚያወጡት ደንብ ለሚያድን ጠበቃ ያዋጣሉ። እኔ ራሴ ሁለቱንም አድርጌአለሁ። በ2022 ከመባረር የሚያድነውን ጊዜያዊ ጥበቃ (ቲፒኤስ) ለኢትዮጵያውያን የሰጠው የባይደን መንግሥት መሆኑንም አውቃለሁ። እውነት እውነት ነው።

#12 የሚኒያፖሊሷ (ሚኔሶታ)

እዚህ ተወልጄ ስላደግኩ አማርኛዬን ታገሱኝ፤ እማዬ እያረመችኝ ነው።

እኛ ጋ የዲሞክራቶች ስም ሙሉውን ሲጠራ የዲሞክራት፣ የገበሬና የሠራተኛ ፓርቲ ነው። አጎቴ ከአዲስ አበባ በመጣ በሳምንቱ በር ላይ ወረቀት ይዘው መጡ። ስሙን ተረጎምኩለት። «ኢሠፓ እዚህም አለ እንዴ?» ብሎ በሩን ዘጋባቸው።

እኔ ለዚያ ፓርቲ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሙስሊም ነኝ፣ ሂጃብ እለብሳለሁ። በ2017 ትራምፕ ከሙስሊም አገሮች መግባት ሲያግድ ምርጫዬ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከዛ ጋዛ መጣ። በ2024 ፕራይመሪ ባይደን ላይ ምልክት ማድረግ አቃተኝ። «አልወሰንኩም» የሚለውን መረጥኩ። ሚሺጋን ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ሰው እንደዛ ነበር የመረጠው። ኖቬምበር ላይ ግን «አልወሰንኩም» የሚባል ነገር የለም። ማን እንደመረጥኩ አልናገርም፤ እማዬ ይሄን እያነበበች ነው።

#13 ተማሪው (ሲያትል)

ማንም የማይጠይቀውን ልጠይቅ። ለምን ሁለት ብቻ?

ጠባያቸው ሳይሆን ቆጠራው ነው። በአንድ ወረዳ አንድ ወንበር፣ ብዙ ያገኘ ሁሉንም ይወስዳል። በ1992 ሮስ ፔሮ ከመቶ 19 ያህል ሰው መርጦት ፕሬዚዳንቱን በሚወስነው በኤሌክቶራል ኮሌጅ ያገኘው ዜሮ ነው። በ2000 ፍሎሪዳ ላይ ቡሽና ጎርን የለያቸው 537 ድምፅ ነው፤ ራልፍ ኔደር እዛው ከ97 ሺህ በላይ ወስዶ ነበር። ከዛ በኋላ «ሦስተኛውን ምረጡ» ስትል ሰው እንደ ወንጀለኛ ያይሃል።

አገር ቤትም ቆጠራው ያው ነው እኮ። እዛ ግን ሁለት እንኳ አላፈራም። በ2007 ዓ.ም. ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ወሰዱ። ንቧ ማሩንም ቀፎውንም ይዛ ሄደች።

ቆጠራውን የቀየሩ አሉ። ሜይንና አላስካ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ ነው የሚመርጡት። ዲሲም በ2024 በሕዝብ ድምፅ ተቀብላዋለች። እስከዛ እኔ ከየትኛውም አይደለሁም።

#14 ቆጣሪው (ሮክቪል)

ተማሪው፣ አንተ ዋሽንግተን ስቴት ስለሆንክ ነው «ከየትኛውም አይደለሁም» ማለት የሚቀልህ። እዛ ፓርቲ አይመዘገብም፤ በፕራይመሪውም፣ ከፕሬዚዳንቱ በስተቀር፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም እጩ ያያል። ሜሪላንድ ግን ዝግ ነው። ዲሞክራት ያልተመዘገበ በዲሞክራት ፕራይመሪ አይመርጥም። ነፃ ነኝ ያለ ሰው በፕራይመሪ ቀን የሚሰጡት የትምህርት ቦርድና የመሳሰለውን ብቻ ነው።

አሁን አዲስ ዜጋ፣ የአንተን ካውንቲ ተመልከት። ሞንትጎመሪ። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ። በ2006 የመጨረሻው ሪፐብሊካን ተሸንፎ ከወጣ ወዲህ የካውንቲው ምክር ቤት ውስጥ አንድም ሪፐብሊካን አልተቀመጠም። ስለዚህ ኖቬምበር ላይ የሚሆነው ማኅተም መምታት ነው። ምርጫው ያለው ፕራይመሪው ላይ ነው።

በ2018 የካውንቲው አስተዳዳሪ ፕራይመሪ ላይ ኤልሪች ብሌርን ያሸነፈው በስንት መሰላችሁ? በ77 ድምፅ። በ2022 እነዚያው ሁለት ሰዎች እንደገና ተፋጠጡ። ድጋሚ ተቆጠረ። 32 ድምፅ!

ሠላሳ ሁለት። ቅዳሜ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ አንዱ የእኛ ምግብ ቤት ውስጥ ከዛ በላይ ሰው ክትፎ ሲጠብቅ ታገኛለህ። የቤት ኪራይ ጣሪያ፣ የአውቶቡስ መስመር፣ የልጅህ ትምህርት ቤት ገንዘብ፣ ሁሉም እዛ ጋ ነው የሚወሰነው። ልብህ ሪፐብሊካን እንኳ ቢሆን እዚህ ሰፈር ከሆንክ ዲሞክራት ብለህ ሙላ። ኖቬምበር ላይ የፈለግከውን መምረጥ ማንም አይከለክልህም። ሆጋን ሪፐብሊካን ሆኖ ሁለት ጊዜ አገረ ገዢ የሆነው በማን ድምፅ መሰለህ? ዲሞክራት ብለው በሞሉ ሰዎች ጭምር ነው።

#15 የዳላሱ

ቆጣሪው፣ ስሌትህ ጥሩ ነው። ግን ልብ ሳይኖር ዲሞክራት ነኝ ብሎ መፈረም ምንድነው? ሳይጠመቁ መቁረብ አይሆንም?

#16 ቆጣሪው

ወንድሜ፣ ይሄ እድር ነው እንጂ ቁርባን አይደለም። እድር የምትገባው ሊቀመንበሩን ወደኸው ነው? ሰፈርህ ስለሆነ ነው።

#17 ሽበት (ዋሽንግተን ዲሲ)

ልጆች፣ ከትናንት ጀምሮ እያነበብኳችሁ ነው። አዲስ ዜጋ፣ አባትህ ለምን ባዶ ተወው እንዳለህ እኔ ልንገርህ። እሱ እንደማይነግርህ አውቃለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ኢህአፓ ነበር። ከአጥራችን ማዶ ያለው ልጅ ደግሞ መኢሶን። አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ አንድ ኳስ ያሯሯጡ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ሶሻሊስት ነን ይላሉ፤ ልዩነታቸው ምን እንደነበር ዛሬ ብትጠይቀኝ በደንብ ማስረዳት አልችልም። በ1969 ዓ.ም. የሆነ ቦታ የስም ዝርዝር ተያዘ። ቀበሌ መጥተው ወንድሜን ከእራት ላይ አነሱት። አልተመለሰም። ነሐሴ ላይ መኢሶንም ከደርግ ጋር ተጣላ። ጥቂት ወራት ቆይቶ የጎረቤታችንን ልጅ ወሰዱት። እናቶቻቸው ሁለቱም እዛው አጥር ላይ ተደግፈው አለቀሱ። ለእኛ ሁለት ፓርቲ ማለት ያ ነበር። ስምህ ከፓርቲ ስም አጠገብ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ሲታይ ምን እንደሚመጣ አባትህ ያውቃል።

እኔ በሱዳን በኩል ወጥቼ በፈረንጆቹ 1981 እዚህ ደረስኩ። የገባሁበትን የስደተኞች ሕግ በ1980 የፈረመው ካርተር ነው፤ ስገባ ወንበሩ ላይ ያገኘሁት ሬጋንን። ኮሚኒስት የሚጠላ ሁሉ ወዳጄ ነበር፤ ሬጋንን ወደድኩት። በ1986 ወረቀት የሌላቸውን 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕጋዊ ያደረገውን ሕግ የፈረመው እሱ ነው። ከዚያ ውስጥ ጓደኞቼ ነበሩ። በ1990 ደግሞ ዲቪን የወለደውን ሕግ የፈረመው ትልቁ ቡሽ። ከእናንተ መካከል ስንቱ በዚያ ፊርማ እንደመጣ አስቡት። ሁለቱም ሪፐብሊካን ናቸው። ይሄን ለልጅ ልጄ ስነግራት እያሾፍኩ ይመስላታል።

ዜጋ ስሆን ግን ያቺን ሳጥን ባዶ ተውኳት። ዲሲም እንደ እናንተ ዝግ ነው፤ ከተማው ደግሞ ፕሬዚዳንት መምረጥ ከጀመረበት ከ1964 አንስቶ ሪፐብሊካን መርጦ አያውቅም። ስለዚህ ስንትና ስንት ከንቲባ ሲመረጥ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ዜና አየሁ። ሃያ ዓመት ያህል። ፈራሁ አልልም ነበር፤ «ነፃ ሰው ነኝ» ነበር የምለው። ባለቤቴ ነች አንድ ቀን «አንተ ሰውዬ፣ ቀበሌው እኮ ሞቷል» ያለችኝ።

ሄጄ ዲሞክራት ብዬ ሞላሁ። በልቤ ያኔም የሬጋን ሰው ነኝ። ከቤት ስወጣ ግን ጎዳናው ላይ ያለው ጉድጓድ የሚደፈነው በዚያ ፕራይመሪ ነው። እጄ እንደተንቀጠቀጠ ትዝ ይለኛል። ምንም አልመጣም። በራሪ ወረቀት ብቻ መጣ፤ እሱ ደግሞ ማለቂያ የለውም።

#18 ነርሷ

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን። ሥራ ላይ ሆኜ አነበብኩትና መድኃኒት ክፍል ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

#19 አዲስ ዜጋ

ጋሼ ሽበት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ ምን እንደምል አላውቅም። የጻፉትን ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አንዴ አስቆመኝ። «አጥሩ ላይ» የሚለው ጋ። ከዛ «ቀጥል» አለኝ።

ስጨርስ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዛ የጠየቀኝ ነገር ቢኖር «የየት ሰፈር ልጅ ነው?» ነው።

#20 ሽበት

የአራት ኪሎ ልጅ ነኝ በለው። እሱስ?

#21 አዲስ ዜጋ

ጉለሌ። «አራት ኪሎዎችን ኳስ እናሸንፋቸው ነበር» ብሏል። እኔ የለሁበትም።

#22 ሽበት

ውሸቱን ነው። ስልኬን በመልእክት ሳጥንህ እልክልሃለሁ፤ ስጠው።

#23 አዲስ ዜጋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዲሞክራት ብዬ ሞላሁ። ነርሷንም የቬጋሱንም የዳላሱንም ሰምቼ ልቤ ገና አልወሰነም፤ ያቺ 32 ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ባለቤቴ «አላልኩህም?» እያለች ነው። ለወንድሜ አልነገርኩትም።

ፖስታው ውስጥ ልከተው ስል አባቴ መጣ። «ነገ ልውጣ ብትል መውጣት ይቻላል?» አለኝ። ቆጣሪው፣ ይቻላል?

#24 ቆጣሪው

ይቻላል። በኢንተርኔት ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከፕራይመሪው 21 ቀን በፊት እስካደረግከው ድረስ ለዚያው ፕራይመሪ ይሠራልሃል። ምክንያት አይጠይቁህም።

#25 አዲስ ዜጋ

ነገርኩት። «ሂስ የለም? ስብሰባ ጠርተው አያስነሱህም?» አለ። የለም አልኩት። «መዋጮስ?» የለም አልኩት። «ታዲያ ይሄ ምኑ ፓርቲ ነው!» ብሎ ሳቀ። ቴምብሩን የለጠፈልኝ እሱ ነው።

#26 የቬጋሱ ሹፌር

ለአባታችን ቬጋስ ሲመጡ ከኤርፖርት የሚያነሳቸው እኔ ነኝ በልልኝ። በነፃ። ቲፕ ግን አይቀርም፤ አሁን እሱ ከታክስ ይቀነሳል።

#27 ታክስ ሠሪዋ

እስከ 25,000 ዶላር ብቻ።